የሻገተ ግድግዳና የእንቁጣጣሽ ቀለም

በአገራችን የቀለም ሱቆች ገበያ የሚደራው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ግድግዳዎቻችን ለምን እንደሚሻግቱ የመልሱን ግማሽ ያውቃል፡፡ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እንቁጣጣሽ መጣ፣ መስቀል ደረሰ ብለን ብሩሽና ሮለር እንገዛለን፡፡ ከሰኔ ጀምሮ ውሃ ሲጠጣ የከረመውን ግድግዳ በፕላስቲክ ቀለም እንለብጠዋለን፡፡ ቤቱ ለበዓሉ ያምራል፣ እንግዳም ያደንቃል፡፡ ጥቅምት ሲገባ ማዕዘኑ መጥቆር ይጀምራል፤ ኅዳር ላይ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሳል፤ በቀጣዩ ነሐሴ ደግሞ ሌላ ጋሎን ቀለም ተሸክመን እንመጣለን፡፡ ይህ ልማድ ለቀለም ነጋዴ ካልሆነ በስተቀር ለማንም አይበጅም፡፡

የሕግ ሰው ስለ ልስንና ስለ ቀለም ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፡፡ ነገር ግን በአከራይና በተከራይ መካከል ከሚነሱት ጭቅጭቆች ስንቱ ከእርጥብ ግድግዳ እንደሚጀምር ያየ ሰው ይረዳኛል፡፡ ወደ ሕጉ በኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ግድግዳውን እንየው፡፡

ነገሩን በአንድ አካባቢ ላይ ባስረው ይሻላል ብዬ መካነ ሰላምን መርጫለሁ፡፡ መካነ ሰላም የደቡብ ወሎዋ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ ተነስተው በአቀስታ በኩል የሚደርሱባት፣ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች የደጋ ከተማ፡፡ ለጋምቦ፣ አማራ ሳይንት፣ መሐል ሳይንት፣ ወግዲና ከላላ ጎረቤቶቿ ናቸው፡፡ አገሩ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ሲወርድ ቆላ ነው፤ እዚያ ግድግዳ ሻገተ ብሎ የሚያማርር ብዙ አይገኝም፡፡ ደጋው ላይ ግን ክረምት ማለት ጉም ነው፡፡ የደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ በቦረና ሳይንት ስም በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለው፣ በጉም ተሸፍኖ የሚውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፡፡ ጫካው የሚጠጣውን ያህል ቤቱም ይጠጣል፡፡

ሻጋታ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ አዲሱ ነገር ቤቱ ነው፡፡ በዚህ አካባቢ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የቤት አሠራር ተለውጧል፤ አየሩ ግን የድሮው ነው፡፡ የቀድሞው ቤት ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ወይም በማገርና በቋሚ ላይ የተመረገ ጭቃ ነበር፤ ክዳኑ ሣር ነበር፤ እሳቱ ከቤት ውስጥ አይጠፋም ነበር፡፡ ጭቃው ቀን የጠጣውን እርጥበት መልሶ ይተነፍሳል፡፡ የሣር ክዳኑ ጠርዙ ከግድግዳው ርቆ ስለሚወርድ ነጠብጣቡ ግድግዳውን አይመታውም፡፡ ምድጃው ደግሞ በየቀኑ ቤቱን ያደርቃል፤ ጢሱ ራሱ ለሻጋታ የሚመች አይደለም፡፡ ጢሱ ይመለስ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፡፡ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ የጨረሰው እሱ ነው፤ ማድ ቤት ከመኖሪያው መለየቱ ትልቅ እድገት ነው፡፡

የዛሬው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ ኮርኒስ ተሠርቶለታል፣ ጭቃው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ መስኮቱ መስታወት ነው፣ በላዩም ላይ ፕላስቲክ ቀለም ተቀብቷል፡፡ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ መሻሻል ነው፡፡ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ውሃው መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፡፡ እሳቱ ከቤት ወጥቷል፤ የጀበናው እንፋሎት፣ ክረምት ላይ ቤት ውስጥ የሚሰጣው ልብስ፣ አምስት ስድስት ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚያወጣው ትንፋሽ ግን አልወጣም፡፡

ይህን ለመረዳት የሥነ ሕይወት ዲግሪ አያስፈልግም፤ እንጀራ ማወቅ ይበቃል፡፡ ትኩስ እንጀራ ላብ ሳያወጣ በላስቲክ ከተሸፈነ በሁለትና በሦስት ቀን ይሻግታል፡፡ በሰፌድ ላይ ቀዝቅዞ መሶብ የገባው ይቆያል፡፡ የሻጋታ ዘር ከሁለቱም ላይ አለ፤ አየሩ በዓይን በማይታዩ የሻጋታ ዘሮች የተሞላ ነው፡፡ ልዩነቱ እርጥበቱ ነው፡፡ ግድግዳም እንደዚያው ነው፡፡ ውሃ የነካው ነገር በ24 እና በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ዘሩ መብቀል ይጀምራል፡፡ ምግቡ የትም አለ፤ ጭቃው ውስጥ ጭድ አለ፣ ማገሩ እንጨት ነው፣ ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም ቺፑድ ነው፣ ቀለሙ ውስጥ እንኳ ሻጋታ የሚበላው ነገር ይገኛል፡፡ እርጥብ ግድግዳን በፕላስቲክ ቀለም መቀባት ትኩስ እንጀራን በላስቲክ መሸፈን ነው፡፡

በተለምዶ ቤት ውስጥ የሚበቅሉት ክላዶስፖሪየም፣ ፔኒሲሊየምና አስፐርጊለስ የሚባሉት ዝርያዎች ናቸው፡፡ ፔኒሲሊየም ሲባል አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን ያገኘበት ዘመድ ነው፤ ይህ ግን ግድግዳችን ላይ ያለውን መድኃኒት አያደርገውም፡፡ ጥቁሩ መርዛም ነው፣ አረንጓዴው አይጎዳም የሚባለውም ወሬ ነው፡፡ በቀለሙ ጉዳቱን መለየት አይቻልም፤ ሁሉም መወገድ አለበት፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ በእርጥብና በሻገተ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽንና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስፍሯል፡፡ ይህን ያህል ሻጋታ ችግር የለውም የሚል ቁጥር ግን አላስቀመጠም፤ መመሪያው የሚለው እርጥበቱን አስወግዱ ነው፡፡ ለእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፡፡ ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የዳነ ሰው ሳንባው ላይ የቀረ ክፍተት ካለ፣ አስፐርጊለስ እዚያ ሊሰፍርና ነቀርሳው የተመለሰ የሚያስመስል ሳልና ደም ሊያመጣ ይችላል፡፡ በቤታችሁ ቲቢ የነበረበት፣ አስም ያለበት ወይም ጨቅላ ሕፃን ካለ የግድግዳው ነገር የውበት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፡፡

ውሃው ከየት መጣ?

ቀለም ቀቢ ሲጠሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ካሬ እንደሆነ ነው፡፡ መጠየቅ የነበረበት ውሃው በየት እንደገባ ነው፡፡ በአንድ ወቅት አንድ ቀለም ቀቢ ይህንኑ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እኔ የተጠራሁት ለቀለሙ ነው፤ ውሃው የግንበኛ ነው» አለኝ፡፡ አልተሳሳተም፡፡ ግንበኛው ደግሞ የቆርቆሮ ሠራተኛው ነው ይላል፡፡ ስለዚህ ፍለጋው የባለቤቱ ነው፤ ውሃው ከሦስት ቦታ በአንዱ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ከሁለቱ፡፡

የመጀመሪያው ከላይ ነው፡፡ ቆርቆሮው የተመታበት ምስማር ላልቷል፣ ጎማው ተሰንጥቋል፣ ወይም አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፡፡ ይህኛው ምልክቱ ከኮርኒሱ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ሻይ የመሰለ ቡናማ እድፍ ነው፡፡ በዝናብ ቀን ይጨምራል፣ በፀሐይ ቀን ይቀንሳል፡፡ ቀላሉ እሱ ነው፤ ምንጩ ይታያልና፡፡

ሁለተኛው ከታች ነው፡፡ የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች ወደ ላይ እንደሚስበው፣ ድንጋይ፣ ጭቃና ብሎኬትም ውሃን ከመሬት ይስባሉ፡፡ እርጥበቱ ከወለሉ ተነስቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣና አግድም መስመር ሠርቶ ይቆማል፡፡ በመስመሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ይወጣል፣ ልስኑ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል፡፡ ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ የተሠራ ቤት ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ጃማና ወረኢሉ በኩል ያለው ሜዳ ዋልካ ውሃን ይዞ ስለሚቆይ ዝናቡ ካባራ ከሳምንታት በኋላም መሠረቱ እርጥብ ነው፡፡ ዳገት ቆፍረው የሠሩትም ሰዎች የኋላው ግድግዳ አፈር ተደግፎበት ስለሚቆም ያው ነው፡፡ በዚህ ላይ የቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ አጭር በመሆኑ ከጣራ የሚወርደው ውሃ መሬቱን መትቶ ጭቃውን ወደ ግድግዳው እግር ይረጨዋል፡፡

ሦስተኛው ከአየሩ ነው፤ ይህኛው ነው ሰውን የሚያሳስተው፡፡ ጣራው አያፈስም፣ መሠረቱ ደረቅ ነው፣ ማዕዘኑ ግን ይጠቁራል፡፡ በደጋ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩ ራሱ ይበልጥ ይበርዳል፡፡ ከሰው ትንፋሽና ከማብሰያ የወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ቦታ ሲነካ ጤዛ ይሆናል፡፡ ሰዎች «ቆርቆሮው ላበው» የሚሉት ይህን ነው፤ ላቡ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፡፡ ግድግዳ ላይ ደግሞ አየር የማይደርስባቸው ቦታዎች ይመረጣሉ፡፡ የውጭ ማዕዘኖች፣ ከቁም ሳጥን ኋላ፣ ከአልጋ ራስጌ፣ ከተደረደረ የእህል ጆንያ ጀርባ፡፡

የትኛው እንደሆነ ለመለየት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፡፡ ክንድ በክንድ የሆነ ብሩህ ላስቲክ ወስደው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ግድግዳው ላይ ይለጥፉና አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይተዉት፡፡ ጠብታው በክፍሉ በኩል ባለው የላስቲኩ ገጽ ላይ ከተገኘ ውሃው የአየሩ ነው፤ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ግድግዳው ራሱ እርጥብ ነው፡፡ ላስቲኩ ሁለቱም በኩል ደረቅ ሆኖ ካልተገኘ ቀለም የሚባል ነገር ይረሱ፡፡

ጥቁር ያዩት ሁሉም ሻጋታ አይደለም፡፡ ከቀድሞው ምድጃ የቀረ ጥላሸት ሊሆን ይችላል፡፡ በውሃ የተበረዘ በረኪና ጠብ ያድርጉበት፤ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከነጣ ሻጋታ ነው፣ ካልተለወጠ ጥላሸት ወይም እድፍ ነው፡፡ ነጩ ዱቄት ደግሞ ውሃ ሲነካው የሚሟሟ ከሆነ ጨው ነው፤ ጨው በሽታ አያመጣም፣ ነገር ግን ከሥር ውሃ እየወጣ መሆኑን ይናገራል፤ በላዩም ላይ የተቀባ ቀለም አይቆይም፡፡

ከማጽዳት በፊት ያለው ሥራ

ብሩሽ ከመያዝዎ በፊት ውጭ ወጥተው ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙሩት፡፡ አሸንዳ ከሌለ ያሠሩ፤ ካለ ይጥረጉት፡፡ የግድግዳውን እግር የተደገፈው አፈር ይነሳ፤ የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ዝቅ ማለት አለበት፡፡ ከዚያ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ውሃውን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር፤ በክዳኑ ጠርዝ ሥር ጠጠር ቢፈስበት ጭቃው አይረጭም፡፡ እነዚህ ሥራዎች አካፋና ጉልበት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፡፡ ግድግዳው እግር ላይ የተተከለ አበባና ጎመን በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ ከሆነም ቦታ ይቀየርለት፡፡

የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰንን በተመለከተ አቋሜ የታወቀ ነው፤ አልወደውም፡፡ ሲሚንቶ ጠንካራና የማይተነፍስ ነው፣ ጭቃ ደግሞ እንደ እርጥበቱ መጠን ያብጣል ይሸማቀቃል፡፡ ሁለቱ አብረው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ከሲሚንቶው ኋላ ታስሮ ይቀራል፣ ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሳል፡፡ ከውጭ የሚታየው ግን ያማረ ግድግዳ ነው፤ ውስጡን ለቄስ! እንዲህ ያለውን ቤት ቀለም አያድነውም፡፡ የላላው የሲሚንቶ ልስን በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ያ ሁሉ ይውረድና በደንብ በቦካ ጭቃና በጭድ እንደገና ይመረግ፡፡ ጀሶም በእነዚህ ደጋዎች ለእርጥብ ግድግዳ አይሆንም፤ ውሃ ሲያገኘው ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፡፡

ማጽዳቱ

አስም ያለበት ሰውና ልጆች ከቤት ይውጡ፡፡ መስኮትና በር ይከፈት፣ ወደ ሌላው ክፍል የሚወስደው በር ግን ይዘጋ፡፡ አፍንጫና አፍን በኤን-95 ጭምብል፣ እጅን በጓንት፣ ከተቻለም ዓይንን በመነጽር መከለል ይገባል፤ ነጠላ መከናነብ የሻጋታ ዘርን አያስቀርም፡፡ ትልቁ ስህተት የደረቀ ሻጋታን በመጥረጊያ መጥረግ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው፤ በአንድ ማዕዘን የነበረውን በቤቱ ሁሉ መዝራት ማለት ነው፡፡ መጀመሪያ ውሃ ይረጭበት፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ በብሩሽ ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል፡፡ ጨርቁ ተመልሶ ወደ ባልዲው አይግባ፤ ይጣል ወይም ይቀቀል፡፡

ብዙ ሰው የሚጀምረው በበረኪና ነው፡፡ በረኪና ቦታ አለው፤ የተቀባ ወይም የሲሚንቶ ግድግዳ በሳሙና ከታጠበ በኋላ አንድ ብርጭቆ በረኪና በአራት ሊትር ውሃ በርዞ ቀብቶ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተትቶ ማጠብ ይቻላል፡፡ ተአምር ግን አይጠበቅበት፡፡ እንደ ጭቃና እንጨት ባለ ውሃ በሚስብ ነገር ላይ መድኃኒቱ ገጹ ላይ ይቀርና ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጥቁሩ ይነጣል፣ ሥሩ ግን ይጠጣል፡፡ በምንም ምክንያት በረኪናን ከአሲድ፣ ከኮምጣጤ፣ አሞንያ ካለበት ማጽጃ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፡፡

የተመረገ ጭቃ ላይ ያለ ሻጋታ አይታጠብም፤ ይቆረጣል፡፡ እድፉ ካለቀበት ከስንዝር በላይ አልፎ እስከ ደረቁ ጭቃ ድረስ ይፋቅና ከቤት ርቆ ይጣል፡፡ ያንኑ ጭቃ እንደገና አቡክቶ መመረግ ሻጋታውን አዝሎ መመለስ ነው፡፡ የሻገተ የጨርቅ ኮርኒስና ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ቺፑድም አይታከምም፡፡ ጉዳቱ ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ከሆነ ወይም እንጨቱ በቢላ ጫፍ ሲወጋ የሚገባ ከሆነ፣ ይህ የእሁድ ከሰዓት ሥራ መሆኑ ቀርቷል፤ ግንበኛ ይጠራ፡፡

የማድረቂያውና የመቀቢያው ወቅት

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው እንምጣ፡፡ ለእነዚህ ደጋዎች የቀለም ወቅት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው ባይ ነኝ፡፡ ክረምቱ መስከረም ላይ ቢወጣም ግድግዳው ከክረምት የሚወጣው ከወር ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ከዚያም ይዘገያል፡፡ አዲስ የሲሚንቶ ልስን በጥሩ አየር እንኳ 28 ቀን ይጠበቃል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ይህን በነፃ ይሠራል፡፡ የካቲት ሲገባ እንደ ለጋምቦ ባሉት ከፍተኛ ቦታዎች የበልግ ዝናብ ሊጀምር ስለሚችል ጊዜው ይጠባል፡፡

የዚያ ወቅት ችግሩ ውርጭ ነው፡፡ በውሃ የሚበረዝ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፡፡ ስለዚህ በታኅሣሥ የሚቀባ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብሩሹን ማስቀመጥ አለበት፤ ማታ ድረስ ልጨርስ ያለ ቀለም ቀቢ በውርጭ ያበላሸዋል፡፡ ግድግዳውን ለማድረቅ ብለው ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የሚያድሩም አሉ፡፡ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል፡፡

እንግዲህ ቤታችሁን ለእንቁጣጣሽ ሳይሆን ለገና ወይም ለጥምቀት ቀቡ ማለቴ ነው፡፡ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባና ቄጠማ ይበቃል፡፡ ወሎ ላይ በዓሉ የሁላችንም ነውና የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ነገር ብናነሳ፣ እነሱ በዚህ ረገድ ዕድል ቀንቷቸዋል፤ ዒድ አልፈጥር በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ የካቲትና ወደ ጥር ይመጣል፡፡ ለዒድ የሚቀባ ቤት በደረቅ ወቅት ይቀባል ማለት ነው፡፡

ምን ይቀባ?

ኖራን የቀበሌና የትምህርት ቤት ቀለም ነው ብለን ንቀነዋል፡፡ ለደጋ የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ግን የተሻለ ነገር አላውቅም፡፡ አዲስ የተቀባ ኖራ ሻጋታ ሊበቅልበት የማይችል ኃይለኛ የአልካሊ ጠባይ አለው፤ ግድግዳውንም አይደፍነውም፣ እርጥበቱ ይወጣል፡፡ አቀባቡ ግድግዳውን በውሃ እርጥብርጥ አድርጎ በሦስትና በአራት ስስ ቅብ ነው፤ ወፍራም ቅብ ይሰነጠቃል፡፡ ጉድለቱ ልብስ ላይ መልቀቁና ከአየር ጋር ሲቆይ ያ ኃይሉ መቀነሱ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መታደስ አለበት፡፡ ቀድሞ ፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ አይዝም፤ አሮጌው ቀለም መፋቅ አለበት፡፡ ኖራ ዓይን ያጠፋልና ሲበጠበጥ ሕፃናት አይቅረቡ፡፡

ሌላም ምክንያት አለኝ፡፡ በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ፣ በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ሲቀሰቀስ፣ መንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ሰው አይቷል፡፡ ሲሚንቶና የፋብሪካ ቀለም በመኪና ነው የሚመጡት፡፡ ጭቃ፣ ጭድና ጠጠር ግን ከደጅ ናቸው፤ ቤቱን በእነዚህ ማደስ የሚችል ባለሙያ ያለው ከተማ መኪና አይጠብቅም፡፡

የብሎኬት ቤት ያለው ሰው ፕላስቲክ ቀለም ቢቀባ አልከራከርም፤ ግድግዳው መድረቁን በላስቲኩ ካረጋገጠ፡፡ ፀረ ሻጋታ ተብሎ የሚሸጠው ቀለም ውስጡ መድኃኒት አለው፤ ለማድ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ይጠቅማል፡፡ ሆኖም መድኃኒቱ በጊዜ ያልቃል፣ ከኋላ የሚመጣ ውሃንም አያቆምም፡፡ የዘይት ቀለም ከወለሉ እስከ ወገብ መቀባት ግን ከታች እርጥበት ለሚወጣበት ቤት የመጨረሻው መጥፎ ምርጫ ነው፤ ውሃው ከቅቡ በላይ እስኪደርስ ይወጣል እንጂ አይቀርም፡፡

ለአከራይና ለተከራይ

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ መካነ ሰላም ነው፡፡ መምህሩም ሠራተኛውም ቤት ይከራያል፡፡ አዲስ አበባ ያለው አንባቢዬም ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ የሚንጠባጠብበት ብዙ ነው፡፡ ሻጋታ ሲመጣ አከራዩ «መስኮት ስለማትከፍት ነው» ይላል፤ ተከራዩ «ቤትህ ስለሚያፈስ ነው» ይላል፡፡ ከላይ የገለጽኩት የላስቲክ ሙከራ የማንኛቸው ጥፋት እንደሆነ ለመለየት ከሽማግሌ ይልቅ ይረዳል፡፡

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ ቤቱን ለተከራየበት ዓላማ በሚያገለግል ሁኔታ እንዲያስረክብ፣ ተከራይም በጥንቃቄ እንዲይዘው ይጠይቃል፡፡ በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፡፡ አዋጁ ተፈጻሚ በሆነባቸው ከተሞች የሚፈርም ተከራይ ቢያንስ ሁለት ክረምት በዚያ ቤት ያሳልፋል ማለት ነው፡፡ የጣራውንና የአሸንዳውን ጥገና ማን እንደሚሠራ በውሉ ላይ ያላስጻፈ ሰው በኋላ የሚቀርለት ክርክር ነው፡፡

የሌላ አገር ሕግ ወዴት እንደሄደ ማየት አይከፋም፡፡ በእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ በማኅበራዊ ቤቶች ድርጅት ቤት ይኖር የነበረ አዋብ ኢስሐቅ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም ሞተ፡፡ ወላጆቹ ከጎረቤታችን ከሱዳን የመጡ ናቸው፡፡ አባቱ ስለ ሻጋታው መጀመሪያ ያመለከተው በ2017 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የተሰጠው መልስ ቀለም ቀባበት የሚል ነበር፡፡ በኅዳር 2015 ዓ.ም የሞት መርማሪዋ ዳኛ ሕፃኑ የሞተው ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ በመጣ የመተንፈሻ አካል ሕመም መሆኑን አረጋገጠች፡፡ በ2023 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጣ፤ ከጥቅምት 2018 ዓ.ም ጀምሮም የማኅበራዊ ቤት አከራዮች ለጤና የሚያሰጋ እርጥበትና ሻጋታ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምሩ፣ ለአጣዳፊው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲደርሱ ግዴታ ተጥሎባቸዋል፡፡ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ በኪራይ ውል ውስጥ በራሳችን ልናስገባው እንችላለን፤ የሚከለክል ሕግ የለም፡፡

ቤት ለመከራየት ሲሄዱ በጥር የተቀባ ግድግዳ ብዙ ይደብቃል፡፡ ቁም ሳጥን ካለ አንድ ክንድ ያህል አስፈቅቀው ከኋላው ያለውን ግድግዳ በመዳፍዎ ይዳስሱት፤ ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን በጣትዎ ያንኳኩ፤ የኮርኒሱን ማዕዘን ቀና ብለው ይዩ፤ በአፍንጫዎም ይመኑ፡፡ ያዩትን በስልክዎ ፎቶ አንስተው፣ በርክክቡ ወረቀት ላይ አስፍረው፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፡፡